ኔትወርክ የሌላት ሙሽራ

አሰላሙ አለይኩም ለሚመልሱልኝ፤ ለቀራችሁትም ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከሐረር ነው። አገሬ ግን ወሎ ነው፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ። እዚህ ያመጣኝ እንጀራ ነው፤ በአንድ ኮሌጅ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እናቴ ስደውልላት «እዚያ ሩቅ አገር ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኛለች። «አስተምራለሁ» እላታለሁ። የቀረውን ለረጅም ጊዜ አልነገርኳትም። «ጫት አከስላለሁ» ብላት ሰፈሩን ሰብስባ ዱዓ ታስደርግልኛለች ብዬ ነበር።

የማከስለው ግን እውነት ነው። ሐረር ውስጥ የማያልቅ ነገር ቢኖር ገራባ ነው፤ ቅጠሉ ተቅሞ የሚጣለው የጫት እንጨትና ግንጣይ። እሱን ለቅሜ አየር በማይገባው ምድጃ አከስለዋለሁ፣ በኬሚካል አጥበዋለሁ፣ እንደገና አግለዋለሁ። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ከቡሽ የቀለለ፣ ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ጥቁር ካርቦን ነው። ከሙጫ ጋር ለውሼ በቅርጽ ማውጫ ስጫነው ሰሌዳ ይሆናል። ፍየሎች በጥሬ ዕቃው ይሻሙኛል፤ ሌላ ተፎካካሪ የለኝም።

የሰሌዳው ጥቅም ሞገድ መዋጥ ነው። ስልክ የሚጮኸው በአየር ላይ በሚመጣ ሞገድ ነው፤ ብረት ያንን ሞገድ እንደ መስታወት ወደመጣበት ይመልሰዋል፣ የእኔ ካርቦን ግን አስገብቶ ያስቀረዋል። ለተማሪዎቼ እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳቸው፤ «ሞገዱን እኔ በሉት፣ ካርቦኑን ጀጎል። መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት በሰንጋ በር ገብቼ የተከራየሁትን ቤት ስፈልግ ከግንብ ግንብ ስላተም ዋልኩ። መንገድ የመሰለኝ ሁሉ የሰው ግቢ ነው። በመጨረሻ ደክሞኝ፣ አልቦኝ፣ አንዲት ሴትዮ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሞገዱም ከቀዳዳ ቀዳዳ ሲላተም ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ያልቃል።» ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ፈተና ላይ «ሞገዱ ጀጎል ገብቶ ጠፋ» ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም፤ ግማሽ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ደጃፏ ላይ የተቀመጥኩባት ሴትዮ አዴ ነፊሳ ነበሩ፤ «አዴ» የአክብሮት መጠሪያቸው ነው። ውሃ ሰጡኝ፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ የምፈልገው ቤት የእርሳቸው መሆኑን ከዚያ በኋላ ነገሩኝ። ከፎቁ አንዷን ክፍል አከራይተውኝ «ወሎዬ» ሲሉኝ ዓመታት አለፉ። ሐረር ውስጥ ቤተሰብ የምለው እርሳቸውን ነው። ቢሆንም ሁልጊዜ ጥግ ይዤ የምቀመጥ ሰው ነበርኩ። በሰው ነገር አልገባም። ሐሳቤን የሚጠይቀኝ ካለ «እኔ እንግዳ ነኝ» እላለሁ። ይህችን ቃል በጣም ነበር የምወዳት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ኮሌጃችን ኤግዚቢሽን ነበረው። ኃላፊያችን ሰሌዳዎቼን አይተው «ጥቁር ብቻ ነው? በሰማያዊ አይመጣም?» አሉ። እንደማይመጣ ነገርኳቸው። በሰሌዳዎቹ ሳጥን ሠራሁ፤ እንግዶች ስልካቸውን ሳጥኑ ውስጥ አስገብተው ይደውላሉ፣ አይጠራም፣ ያጨበጭባሉ። አንዱ እንግዳ «ይህ ለአገር ትልቅ ተስፋ ነው» ብለው ተናገሩና፣ ሊወጡ ሲሉ ስልካቸውን ሳጥኑ ውስጥ ረስተውት ግቢው ሁሉ ታመሰ። ማንም ደውሎ ሊያገኘው አልቻለም። ኮሌጁ የምስክር ወረቀት ተሸለመ። በሳምንቱ ኃላፊው ጠሩኝና «ይሄን ከሰል አንሺልን፤ የምስክር ወረቀቱ መደርደሪያ ይፈልጋል» አሉኝ። «ቤቴ ልውሰደው?» ብዬ አስፈቀድኩ። «ባህር ውስጥም ቢሆን!» አሉ። በባጃጅ ጭኜ ወደ ጀጎል ወሰድኩት።

ግቢው ውስጥ ስከምር አዴ ነፊሳ ብቅ አሉ።

«ይሄ ምንድነው፣ ወሎዬ?»

«ካርቦን ነው፣ አዴ።»

«ከሰል በዪኛ። ታዲያ ሰው ከሰል እንደ ልብስ ይደረድራል?»

«ለማንደጃ አይደለም። የስልክ ሞገድ ይውጣል።»

አዴ ነፊሳ ሰሌዳውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኔትወርክ ያጠፋል?»

«ዙሪያውን ከከበበው ያጠፋል።»

«ሱብሃነላህ!» አሉና አንዱን ሰሌዳ አንስተው እንደ ሕፃን አቀፉት። «አላህ ለማን ምን እንደሚሰጥ አይታወቅም!»

ምክንያቱ እንዲህ ነበር። ሁለተኛው ልጃቸው ረምዚ ሊያገባ ነው። በሐረሪ ቤት ከዋናው ክፍል ጎን ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ ሙሽሮች የመጀመሪያ ሳምንታቸውን እዚያ ተከልለው ያሳልፋሉ፣ ምግባቸውም በትንሽ መስኮት ይገባላቸዋል። ወጉ የተሠራው ሁለቱ ሰዎች ከዓለም ተለይተው እንዲተዋወቁ ነው። የመጀመሪያው ልጃቸው ያገባ ጊዜ ግን ዓለም አብራ ገባች። ሙሽራዋ ባንድ ጥግ ራሷን ቪዲዮ ስትቀርጽ፣ ሙሽራው በሌላው ጥግ ኳስ ሲያይ ሳምንቱ አለቀ። አዴ ነፊሳ በመስኮቱ ምግብ ሲያቀብሉ ሁለቱም ቀና ሳይሉ እጃቸውን ብቻ ይዘረጉ ነበር። ዓመት ሳይሞላቸው ተፋቱ።

«ስልካቸውን ለሳምንት እንዲሰጡዎት ቢጠይቋቸውስ?» አልኳቸው።

«እብድ ነሽ! የሙሽራ ስልክ ልቀበል? አንድ አክስት አለቻት ጅዳ፣ ሙና የምትባል። ያቺ ሴት ሐረርን ጅዳ ቁጭ ብላ ነው የምታስተዳድራት። ስልኳን ነካሁ ማለት የልጅቱን እጅ ቆረጥኩ ማለት ነው። ኔትወርክ ጠፋ ከተባለ ግን ማን ማንን ይጠይቃል? አንቺ እዚህ አገር ኔትወርክ ጠፋ ሲባል ‹ለምን?› ያለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እውነት ለመናገር አላየሁም።

«ሙሽሮቹ ሳያውቁ ግን አልሠራውም» አልኳቸው። «ሐራም ነው ባልልም፣ ደስ አይለኝም። ለሁለቱም ይነገራቸው።»

«ረምዚ ያውቃል፤ አቦ አጥብቂው ብሎኛል። እሱ ይነግራታል።»

አምኜ ሠራሁ። ረምዚ በበኩሉ «እናቴ ትነግራታለች» ብሎ ማሰቡን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ኪርታቷ የድንጋይ ግንብ ስለሆነች መጀመሪያም ኔትወርኩ ደካማ ነበር፤ የሚገባው በበሩና በመስኮቱ በኩል ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የስፌት ጌጥ ሁሉ አውርጄ ሰሌዳውን ለጠፍኩ፣ በቀይ ጨርቅ ሸፈንኩት፣ ስፌቶቹን መልሼ ሰቀልኩ። የበሩንና የመስኮቱን ክንፍም ከውስጥ አለበስኳቸው፤ ከሁሉ ያደከመኝ የበሩ ጠርዝ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ዘጋሁት። የስልኬ ምልክት አንድ በአንድ ወረደና ጠፋ። ከሐኪም ተራራ በኩል የሚመጣው ሞገድ ሁሉ ደጅ ቀረ። አልዋሽም፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሠርጉ አማረ። ሙሽራዋ ሐናን ትባላለች፤ አቦከር ሰፈር ያደገች፣ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። አባቷ በሕይወት የሉም፤ ያሳደጓት አጎቷ ሐጂ ጀማል ናቸው፣ የቡና ነጋዴ። ሁለቱ ሙሽሮች ኪርታት ገቡ። በማግስቱ ጠዋት መስኮቱን ሳልፍ ሳቅ ሰማሁ። አዴ ነፊሳም ሰምተው ኖሮ «አልሃምዱሊላህ፣ ይስቃሉ! ያኛዎቹ ሳምንቱን ሙሉ አልሳቁም» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ጅዳ ውስጥ ግን አንድ ስልክ መጥራት ተስኖት ነበር።

ሙና በመጀመሪያው ቀን ደወሉ፣ በሁለተኛውም ደወሉ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ እስኪያንገሸግሻቸው ሰሙ። ከሙሽራዋ ቤት ምግብ ይዘው የሚመጡትን ልጃገረዶች አስጠየቁ። ልጃገረዶቹ «በመስኮቱ አነጋግረናታል፣ ደህና ናት፣ ኔትወርክ እምቢ አለኝ ትላለች» አሉ። ሙና «ባሏ አጠገቧ ቆሞ ሌላ ምን ትበል!» አሉ። ከዚያ ነገሩን ያከረረው ጥያቄ መጣ። «እናንተስ? ግቢው ውስጥ ስልካችሁ ይሠራል?»

«ይሠራል እንጂ! መስኮቱ ሥር ቆመን ቪዲዮ ለጠፍን።»

በቃ። በግቢው ለሁሉ ያለ ኔትወርክ፣ ለሙሽራዋ ብቻ የለም። የቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ላይ ከጅዳ እስከ ሜልቦርን ፍርድ ተሰጠ፤ ልጃችን ስልኳን ተቀምታ ታፍናለች፣ ዛሬውኑ ትውጣ። ይህ እንዲሁ የሚባል ነገር አይደለም። ሳምንቷ ሳይሞላ ከኪርታት የወጣች ሙሽራ ሰፈሩ እንደተፈታች ይቆጥራታል፤ ነገ ተመልሳ ብትገባም ወሬው ቀድሟት ይኖራል። ለአዴ ነፊሳ ደግሞ ሁለተኛ ልጃቸው መሆኑ ነው። ከእንግዲህ ማን ልጁን ለዚያ ቤት ይሰጣል?

ከዐሱር ሰላት በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ የሙና ድምፅ ገባ። ሐጂ ጀማል ገና በሩ ላይ ናቸው፤ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው በስፒከር የከፈቱትን ስልክ እንደ ፋኖስ ይዘውታል። ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል፤ አንደኛው ጫታቸውን እንደያዙ ነው ከመቀመጫቸው የተነሱት።

«ገባችሁ? ገባችሁ ወይ፣ ጀማል? ልጅቷ የታለች?» አለ ስልኩ።

«እየገባን ነው ሙና፣ ቆይ ሰላምታ እንስጥ።»

«ምን ሰላምታ አለ! የወንድሜን ልጅ አፍነው ሰላምታ!»

አዴ ነፊሳ መርሃባ ብለው ምንጣፍ አነጠፉ። ሐጂ ተቀመጡ፣ ስልኩን መሐል አስቀመጡት፤ ሁላችንም ዙሪያውን ሆንን፣ ሙና ሊቀመንበር መሰሉ። ረምዚ ከኪርታት ተጠርቶ ወጣ። ፊቱ ላይ የሙሽራ ፈገግታ ነበረች፤ የተቀመጡትን ሲያይ ከሰመች።

«ልጄ ረምዚ» አሉ ሐጂ፣ «እኔ ነገር አልወድም። አጭር ነው የምጠይቅህ። የሐናንን ስልክ ማን ወሰደ?»

ረምዚ እናቱን አየ። አዴ ነፊሳ ምንጣፉን አዩ። ጠርዙን በጣታቸው ያጥፉ፣ ይዘረጉ ጀመር። ልጁ ይህንን አየና እናቱን ሊሸፍን እኔ ባልጠበቅሁት ቃል ተናገረ።

«እኔ ነኝ።»

«ሰማችሁ!» አለ ስልኩ። «ሰማችሁ! በአፉ አመነ! ልብሷን ሰብስቡና አሁኑኑ ወደ አቦከር!»

ከመስኮቱ በኩል ድምፅ መጣ። ሐናን ናት፣ ክንፉን ገርበብ አድርጋ ስልኳን ከውስጥ ታሳያለች። «ስልኬ እጄ ላይ ነው፣ አጎቴ። ማንም አልወሰደብኝም። ረምዚ፣ ለምንድነው የምትዋሸው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ባል ወሰድኩ ይላል፣ ሚስት አልተወሰደብኝም ትላለች፤ እንዲህ ያለ ክርክር አይተው አያውቁም።

«አስገድደዋት ነው!» አለ ስልኩ። «አሁን መልሰው ሰጥተዋት ነው! ጀማል፣ አትታለል!»

ሐጂ ላባቸውን ጠረጉ። ጥግ ላይ የተቀመጥኩትን እኔን አዩ። «አንቺ፣ የወሎዋ። የዚህ ቤት ወገን አይደለሽም፣ የእኛም አይደለሽም። ሰላትሽን እንደምትጠብቂ ሰፈሩ ያውቃል። ማንም የልጅቱን ስልክ እንዳልወሰደባት በአላህ ስም ትምያለሽ? ወላሂ ካልሽ እኔ ተነስቼ እሄዳለሁ።»

አዴ ነፊሳ ቀና አሉ። ዓይናቸው በራ። ለምን እንደበራ ወዲያው ገባኝ፤ መሐላው እውነት ነበር። ማንም ስልክ አልወሰደም። አንዲት ፊደል ሳላዛንፍ፣ ወላሂ ብዬ፣ ትዳሩን አትርፌ፣ አዴን አስከብሬ ወደ ክፍሌ መሄድ እችል ነበር። በኬሚስትሪ ፈተና ቢሆን ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ መልስ ነው።

አፌን ልከፍት ስል ወደ መስኮቱ አየሁ። ገርበብ ካለው ክንፍ ወዲያ ሐናን ስልኳን እንደያዘች ቆማለች። ስልኩን ወደ ላይ ከፍ፣ ወደ ጎን ዘወር እያደረገች ምልክት ትፈልጋለች። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ስታደርግ እንደነበር በዚያች ቅጽበት ገባኝ። አልተነገራትም! መሐላዬ እውነት ይሆናል፣ እሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስልኳን ወደ ጣሪያ እያነሳች ትኖራለች። አላህ የሚሰማው ቃሌን ብቻ ቢሆን ኖሮ እምል ነበር።

«ሐጂ» አልኩ፣ «ስልኳን ማንም አልወሰደም። በዚህ መማል እችላለሁ። ግን አልምልም፤ ምክንያቱም ኔትወርኩን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ጫት የያዙት ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል አሉ። «ምን አለች?»

«ኔትወርኩን ወሰድኩ አለች።»

«የት ነው የወሰደችው?»

«እኔ እንጃ። ጠይቃት።»

«ድግምት ነው!» አለ ስልኩ። «ወሎዬ ናት አላላችሁም? ድግምት ነው! ቁርኣን ይቀራባት!»

«ድግምት አይደለም፣ ከሰል ነው» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ቀዳዳዎቹ፣ ሞገዱ ገብቶ እንዴት እንደሚቀልጥ፣ ከስፌቶቹ ጀርባ ስለለጠፍኩት። አዴ ነፊሳ አልከለከሉኝም፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«ከምንድነው የሚሠራው?» አሉ ጫት የያዙት ሽማግሌ።

«ከገራባ።»

ማኘክ አቆሙ። እጃቸው ላይ ያለውን እንጨት አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ሊጥሉት የነበረውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ሐጂ ጀማል አላመኑኝም። ነጋዴ ናቸው፣ ያላዩትን አይገዙም። ስልኩን አንስተው «ገብቼ አያለሁ፣ አጎቷ ነኝ» አሉና ወደ ኪርታቷ አመሩ። ስልኩም አብሮ እያወራ ሄደ። «ጎሽ፣ ጀማል! ግድግዳውን ነካካው! ትራሱንም እይ! እኔ ሳልሞት የወንድሜን ልጅ ማንም እንዲህ አድርጎ...»

በሩም መስኮቱም ተዘጋ።

ድምፁ እንደ ክር ተቆረጠ። ግቢው ውስጥ ያለን ሁሉ ደንግጠን ተያየን። ከሰማይ የጭልፊት ፉጨት ተሰማ፣ ከጎረቤት የሚንቆረቆር ውሃ ተሰማ። እኔ ስሜን እስክረሳ የኮራሁባት ሰሌዳ ናት፤ በዚያች ሰዓት ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅቷ አሁን ትወጣለች ወይስ ትቀራለች?

ሐጂ አልወጡም። ጠበቅን። ስፌት ወድቆባቸው ይሆን እንዴ ተባለ። ሽማግሌው «ሐጂ! ደህና ነህ?» ብለው ጮኹ።

«ቆይ!» አሉ ከውስጥ።

እንደገና ጠበቅን። ረምዚ ግንቡን ተደግፎ ጥፍሩን ይበላል። አዴ ነፊሳ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ነው። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ሐጂ ወጡ። ፊታቸው ከሐማም ገላውን ታጥቦ የወጣ ሰው ይመስል ነበር። ስልኩ እጃቸው ላይ ጸጥ ብሏል።

«ወላሂ» አሉ ተቀምጠው፣ «ከስንት ዘመን በኋላ ዛሬ ከልጄ ጋር አወራሁ።»

ሐናን በመስኮቱ ብቅ አለች። አልቅሳለች፣ የተናገረችው ግን እንደ ልማዷ ቀስ ብላ ነው።

«አጎቴ ‹መቆየት ትፈልጊያለሽ ወይስ መሄድ?› ብሎ ጠየቀኝ። ከታጨሁ ጀምሮ የፈለግሁትን የጠየቀኝ ሰው እሱ ነው፣ ሌላ የለም። ሙና ‹ትሄጃለሽ› አለች። አዴ ‹ኔትወርክ አያስፈልጋትም› አሉ። ረምዚ እያወቀ ዝም አለ፣ ቆይቶ ደግሞ ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ እኔን የተፈታች ሊያስደርገኝ ነበር።» ወደ ረምዚ ዞረች። «አንተን እወድሃለሁ፣ ሦስቱ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ብትነግረኝ እኔው ራሴ ስልኬን አጥፍቼ አስቀምጠው ነበር። አሁን ግን ካልተጠየቅኩ አልቆይም።»

ሁሉም ወደ አዴ ነፊሳ አየ። እዚህ አገር አማት ከምራት ይቅርታ ስትጠይቅ ማየት ዝናብ ወደ ላይ ሲዘንብ ማየት ነው። አዴ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ከዚያ በእጃቸው መሬቱን ተደግፈው ተነሱ፣ ሦስት ቀን ምግብ ሲያቀብሉባት ወደነበረችው መስኮት ሄዱ። ለእርሳቸው ቁመት መስኮቷ ዝቅ ያለች ናት፤ ጎንበስ አሉ።

«አፉ በይኝ፣ ልጄ። የመጀመሪያዋ ምራቴ አጠገቤ እያለች አመለጠችኝ። አንቺን ላለማጣት ብዬ አጥር አጠርኩብሽ። እንግዲህ እጠይቅሻለሁ፤ ሰሌዳው ይነሳ ወይስ ይቀመጥ?»

«አፉ ብያለሁ፣ አዴ» አለች ሐናን። ዞራ በሩን አየችው። «ይቀመጥ። በሩን ግን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ።»

ረምዚ ማንም ሳይጠራው ወደ በሩ ሄዶ አንኳኳ። ቆይታ ከፈተችለት፤ ያችን ቆይታ ሰፈሩ እስካሁን ያወራታል።

ስልኩ የጮኸው በዚህ መሐል ነው። ሐጂ ከፈቱት። «ሄሎ! ሄሎ! ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» አሉ ሙና ከጅዳ።

«ማንም አልሞተም፣ ሙና» አሉ ሐጂ። «ሐናን ደህና ናት፣ ትቆያለች። ሲመቻት ትደውልልሻለች።»

«ማን ወሰነ?»

«እሷ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሙና የሚሉት ጠፋቸው። አንዳንዶቻችን ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎን ነበር።

ሳምንቱ ሞላ፣ ሙሽራዋ በወጉ ወጣች። አሁን ረምዚና ሐናን ትዳራቸው ላይ ናቸው። ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ እንደ ሰው። አዴ ነፊሳ እኔን ለተወሰኑ ቀናት አኮረፉኝ፤ «ወሎዬ» ማለት ትተው በሙሉ ስሜ ነበር የሚጠሩኝ፣ ያም ቅጣት ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ተጣልቶ ለሽምግልና ሲጠሩ «ነይ፣ ተነሽ» አሉኝ። «እኔ እኮ እንግዳ ነኝ» አልኩ እንደ ልማዴ። «እንግዳ የቤቴን ገበና አደባባይ ያወጣል እንዴ? ያንን የሚያደርግ ልጅ ነው። ተነሽ!»

ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል አልተጠቀምኩባትም። ወገን የለሽም ተብዬ ለመሐላ መጠራቴን እንደ ክብር ቆጥሬው ነበር፤ ለካ ያለ ወገን መኖርና ሐቅ ላይ መቆም የተለያዩ ናቸው። እናንተም ከአገራችሁ ርቃችሁ የምትኖሩ አንባቢዎቼ፣ ጥግ ይዞ መቀመጥ እንዴት እንደሚጣፍጥ ታውቁታላችሁ። ማንም አይነካችሁም። እናንተም ማንንም አትነኩም። እኔ ዕድሜዬን ዲንና ጨዋነት ነው ብዬ የኖርኩት ግማሹ ይኸው ነበር። ዛሬ ለእናቴ ጫት እንደማከስል ነግሬያታለሁ። ዱዓውን አስደርጋለች፤ ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ።

በሥራዬም አንድ ነገር ተለወጠ። በፊት ሰሌዳዬ ስንት እጁን ይውጣል ብቻ ነበር የምለው። አሁን የተዋጠው ሞገድ የአንድ ሰው «ሄሎ» እንደሆነ አልረሳም። ስለዚህ ሰሌዳ ፈልጎ የሚመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ከውስጥ የሚቀመጠው ሰው ፈቅዷል ወይ? አትደነቁ፣ ጥያቄው ገበያዬን ገድሎታል። ኃላፊያችን ወሬውን ሰምተው የስብሰባ አዳራሹን አልብሺልን ብለው ነበር፤ የተሰብሳቢዎቹ ብቻ ሳይሆን የእርሳቸውም ስልክ እንደማይጠራ ስነግራቸው «ለጊዜው ይቆይ» አሉ። አንዲት እናት የወንድ ልጃቸውን መኝታ ቤት አልብሺልኝ ብለው መጡ፤ ልጃቸው አርባ ዓመቱ ነው።

ባለፈው ደግሞ ሐጂ ጀማል ራሳቸው አቦከር ካለው መጋዘናቸው ተነስተው መጡ። መጋዘኑ ውስጥ አንዲት ክፍል አለቻቸው፣ በሰሌዳ እንዳለብስላቸው ይፈልጋሉ። ያቺን የኪርታት ጸጥታ ሊረሷት አልቻሉም።

«ደስ ይለኛል፣ ሐጂ» አልኳቸው። «ባለቤትዎ ግን ያውቃሉ? እርስዎን ሲፈልጉ የሚደውሉት እሳቸው ናቸውና ይጠየቁ።»

ሐጂ ደነገጡ። «እሷ ካወቀችማ ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?»

«እንግዲህ ሐናን ያለችውን ሰምተዋል።»

ጺማቸውን እያሻሹ «አስቤበት እጠይቃታለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብለው ሄዱ። ሰሌዳዎቹ ተዘጋጅተው ክፍሌ ውስጥ ተደርድረዋል። ሐጂ ጀማል እስከዛሬ ሚስታቸውን አልጠየቁም።